ጠዋት ያጣ እንቅልፍ

ኢሚ-ንታላ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 1974

ለውድ ወንድሜ ለኢደር፣

የአላህ ሰላምና በረከት ካለህበት ይድረስህ። የምትወርድበትን ጉድጓድ ሰላም ያድርግልህ፤ ወርደህ የምትወጣበትንም ቀን ያብዛልህ። እኛን ከጠየቅህ ደህና ነን። የጎደለን የሁለታችሁ ዓይን ብቻ ነው።

ደብዳቤህ ሐሙስ ዕለት በገበያው አውቶቡስ ደረሰኝ። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንተን ቁርኣን ሲያስቀራህ እኔ ከበር ኋላ ሆኜ ፊደል ስለለቀምኩ ስንት ጊዜ አመስግኜው ይሆን! ያ ባይሆን የገዛ ባሌን የቢሂን ሰላምታ እንኳ በሰው አፍ ነበር የምሰማው። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የባሎቻቸውን ደብዳቤ ይዘው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። የሁሉንም ትዳር አውቄዋለሁ፤ አልናገርም እንጂ።

ዝናብ ሁለት ቀን ዘነበልንና ገብሱን ዘራን። የምሥራቁ ግድግዳ ትንሽ ተንዶ ነበር፤ ራሴ ጭቃ አቡክቼ መረግሁት። ቢሂ ይህን ሲሰማ እንደሚስቅ አውቃለሁ። «ሚስቴ የመረገችው ግድግዳ ሥር ፍየል አታሳድሩ» እንደሚልም አውቃለሁ። አሁንም ቆሟል በለው።

ኢደር፣ በደብዳቤህ መሐል «እንቅልፍ ትንሽ እንቢ ብሎኛል» ብለህ አልፈሃል። ስለ ሾርባው አንድ ገጽ ስትጽፍ ለእንቅልፉ አንድ መስመር ነው የሰጠኸው። ምን ማለት ነው? ትንሽ ስንት ነው? እንደ ድሮህ የሚያሳስብህን ነገር በቀልድ መሐል አትደብቅብኝ።

የስፌት መኪና መርፌ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል፤ እዚህ ያለው ሁሉ ይሰበራል። ሌላ ምንም አያስፈልገኝም። ቤቱ ሰፊ ነው፣ እኔና ፍየሎቹ ብቻ ነን፤ ለማን ብዬ ነው የምጠይቅህ?

እህትህ ኬልቱም


ሰሜን ፈረንሳይ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1974

ለተከበርሽው እህቴ ለላላ ኬልቱም፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ደጃፍሽ ላይ ይድረስ። አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እኔም ባልሽም ደህና ነን፣ ምስጋና ለፈጣሪ። መርፌዎቹን ገዝቻለሁ፤ በደብዳቤ ውስጥ ይሰበራሉ ብዬ ነው እንጂ አብሬ በላክሁልሽ። ወደ አገር የሚመለስ ሰው እየጠበቅሁ ነው።

ትንሽ ስንት ነው ብለሻል። እንግዲህ ልንገርሽ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ እንነሳለን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አሳንሰሩ ይዞን ይወርዳል። በዚህ ወር እዚህ ፀሐይ የምትወጣው ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እኛ ከምድር በታች ነን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስንወጣ ሰማዩ ውሃ የፈሰሰበት አመድ ይመስላል። ታጥበን፣ በልተን፣ ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ሰቅለን ጋደም እንላለን። እኔ እስከ ማታ እንደ ሬሳ እተኛለሁ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ጣሪያው ላይ ነው። ለመነሳት ትንሽ ሲቀር ሸለብ ሲያደርገኝ የመነሻው ደወል ይጮኻል። እሑድም የምተኛው እስከ ቀትር ነው። ጠዋት የሚባለውን ነገር ካየሁ እኔንጃ፣ ሁለት ወር ሳይሆነኝ አይቀርም።

ቢሂ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ራሱ ትራስ ሲነካ ማንኮራፋት ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ጋደም ቢልም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እሑድ እሑድ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ጎረቤታችን ጓሮ ይሄዳል። ጎረቤታችን ዚግሙንት የሚባል ጡረታ የወጣ ፖላንዳዊ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከሰል ቆፍሯል፤ አሁን እርግብ ያረባል። ቢሂ የሱን ቋንቋ አያውቅም፣ እሱም የቢሂን አያውቅም፤ ግን ሁለቱ እርግብ ቤቱ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ግማሽ ቀን ሲጨቃጨቁ ታያቸዋለሽ።

ይኸው አጠገቤ ቆሞ «እኔ የምልህን ጻፍ» እያለ ነው። እንዲህ ብሏል፦ «ወንድምሽ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ያድራል። ይህን ያህል ቆንጆ መሆኔን ያወቅሁት ገና አሁን ነው። አንቺ ስድስት ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ አንድ ቀን እንኳ እንደዚህ አላየሽኝም።» ፊርማው ነው ብሎ ጣቱን ከሰል ነክሮ ታች ላይ አትሞበታል።

ወንድምሽ ኢደር


ኢሚ-ንታላ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1975

ለውድ ወንድሜ ለኢደር፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ያለፈውን በዓል የተቀበለ ጌታ የሚመጣውን በአንድ ማዕድ ያሳየን።

ለቢሂ እንዲህ በለው፦ ቆንጆ መሆንህን የነገረህ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነውና ምስክርነቱ አይጸናም። የከሰሉን አሻራ ግን አልሰረዝኩትም። ደብዳቤውን ገልጬ ጣቴን ላዩ ላይ ሳስቀምጥ የሱ ጣት ይበልጣል።

በዓሉን ብቻዬን አሳለፍኩ ማለት ይከብደኛል፤ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፣ ሥጋውም ተከፋፈለ። ሲመሽ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ገባና ድስቱ ውስጥ ለሦስት ሰው የሚበቃ ቀርቶ አገኘሁ። እጄ ልማዱን አልረሳም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ከዛፋችን ለውዝ ጋር፣ እንቅልፍ ያመጣል የሚባለውን የሉዊዛ ቅጠል አድርቄ ልኬልሃለሁ፤ ማታ አፍልተህ ጠጣው። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ቅጠሉ ይበቃል ብዬ አላመንኩም። ቢሂ ባለፈው ክረምት ያስጻፈውን አስታውሳለሁ፤ አንተ የፉርጎዎቹን መጎተቻ ሞተር ትይዛለህ፣ እሱ ደግሞ ከታች ፉርጎዎቹን እርስ በርስ ያያይዛል ብሎኛል። ኢደር፣ እንቅልፍ ያላየ እጅ ሞተር ላይ ምን ይሠራል? ለአለቃህ ሂድና ንገረው። «አሞኛል፣ ለጊዜው ሌላ ሥራ ስጠኝ» በለው። ወደ አገር ይመልሱኛል ብለህ እንደምትፈራ አውቃለሁ። ይመልሱህ! ቤቱ ባዶ ነው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ሦስት ጊዜ ልሰርዘው አሰብኩ። አልሰረዝኩትም።

እህትህ ኬልቱም


ሰሜን ፈረንሳይ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1975

ለላላ ኬልቱም፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽና የሉዊዛው ቅጠል ደርሰውኛል። አላህ ይስጥልኝ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሥራ በዝቶብን ነው። ብርዱ ጠንክሯል። ቢሂ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል። ለጊዜው ሌላ ክፍል ነው የሚያድረው፤ ወደ ሥራው ቀረብ ስለሚል ነው። እኔም ደህና ነኝ።

ከእንግዲህ ምንም እንዳትልኪ። ለውዙንም ቅጠሉንም ለራስሽ አድርጊው።

መርፌዎቹ እኔ ዘንድ አሉ።

ኢደር


ኢሚ-ንታላ፣ ማርች 5 ቀን 1975

ለወንድሜ ለኢደር፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም አጠገብህ ላለውና ለሌለውም።

የለውዙ ዛፍ አበባ አውጥቷል። ሸለቆው ሁሉ ነጭ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ የአበባው ቅጠል በር አልፎ ይገባና ወለሉ ላይ ይበተናል። በዚህ ሰሞን ልቤ ደስ ይለው ነበር።

ደብዳቤህን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። አጭር ስለሆነ ለመድገም አይከብድም። «ቢሂ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል።» ባሌ በሕይወቱ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ወይ ይሰድበኛል፣ ወይ ያሾፍብኛል፣ ወይ ስለ ፍየሎቹ ይጠይቀኛል። ይህን የጻፈው ሰው ቢሂን አያውቀውም ማለት ነው። ወይም ቢሂ አጠገቡ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ከአፋፍ በላይ ካለው መንደር አንድ ማዕድን ቆፋሪ ለዕረፍት መጣ። ሚስቱን ምንጭ ላይ አገኘኋት። አየችኝና እንስራዋን ሳትሞላ ተሸክማ ሄደች።

መርፌውን አልፈልገውም። ሌላም ነገር አልፈልግም። አንድ እውነት ብቻ ላክልኝ። ትንሽም ብትሆን፣ መራራም ብትሆን፣ እኔ በራሴ አፍ አጣጥሜ እውጣታለሁ። ከሌላ ሰው እንዳልሰማት ብቻ።

ከጻፍኩልህ ጀምሮ እኔም አልተኛም። እልፍኙ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ እውላለሁ፤ ጎረቤት ሲጠራኝ ራሴን አሞኛል እላለሁ። እንግዲህ ምን እንደሚመስል አወቅሁልህ።

ኬልቱም


ሰሜን ፈረንሳይ፣ ማርች 23 ቀን 1975

ለእህቴ ለላላ ኬልቱም፣

አላህ ልብሽን ያጽናልኝ። ከዚህ በታች ያለውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ቢሂ በሕይወት አለ። አስቀድሜ ይህን ልበል። ግራ እግሩ ግን ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ተቆርጧል።

ማክሰኞ ጃንዋሪ 14 ቀን ነው። ሌሊቱን እንደ ሌላው ጊዜ ሳልተኛ አድሬ ወረድኩ። ከእህል ሰዓት በፊት ነበር። ቢሂ ታች ሆኖ ሦስት ፉርጎ አያያዘና ሽቦውን ስቦ አጠገቤ ያለውን ደወል አንድ ጊዜ ደወለ፤ አንድ ጊዜ ማለት ሳብ ማለት ነው። ሳብኩ። ሁለት ጊዜ ከተደወለ አቁም ማለት ነው። እጄ የሞተሩ ማንሻ ላይ እንዳለ፣ ቁጭ ባልኩበት፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ አሥር ትንፋሽ ይሁን፣ ሃያ ትንፋሽ። የነቃሁት በደወሉ አይደለም። በቢሂ ድምፅ ነው የነቃሁት። ፉርጎው ከሐዲዱ ወጥቶ እግሩን ከግድግዳው ጋር አጣብቆት ነበር።

ደብዳቤሽ፣ ያ «ለአለቃህ ንገረው» ያልሽበት፣ የደረሰኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ገና አልጨረስኩም። መርማሪዎች መጡና ሽቦው አሮጌ ነው፣ ምናልባት ሲሳብ ደወሉን አላንቀሳቀሰው ይሆናል አሉ። እኔ ዝም አልኩ። ሐኪም ቤት ሄጄ ቢሂ አልጋ አጠገብ ቆምኩ። ፊቱ የተነከረ ወረቀት ይመስላል። «ደወሉ አልተሰማህም አይደል?» አለኝ።

«አልተሰማኝም» አልኩት።

«ሽቦውን ጠዋት ማየት ነበረብኝ» አለ። «የማየው እኔ ነኝ። በራሴ ላይ ያመጣሁት ነው። ለኬልቱም አትጻፍላት፤ ስደርስ ራሴ እነግራታለሁ።»

ላላ እህቴ፣ ይህን ሲለኝ እጄን ይዞ ነበር። እጄን ይዞ አጽናናኝ።

ከዚያ በኋላ ጭራሽ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ፊት ለፊቴ የሱ አልጋ አለ፤ ብርድ ልብሱ እንዳጠፈው ነው። ሞተሩንም እስካሁን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ማንም አልነሳኝም። ከሰው ጋር መብላት ተውኩ። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ ዚግሙንት በሩን ደበደበ።

«ውጣ» አለኝ።

«አሞኛል።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ውጣ የምልህ።»

ጎትቶ ወሰደኝና እርግብ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ ሳጥን ላይ አስቀመጠኝ። የእህል ቆርቆሮ አስያዘኝ። ሰማዩ ዳመና ነበር፤ ፀሐይዋ ከዳመናው ኋላ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆና ትታያለች። ከዚያ በተሰባበረ ፈረንሳይኛው፣ እኔም በተሰባበረው ጆሮዬ፣ እንዲህ ተባባልን። እሱም በወጣትነቱ እንደኔ ሆኖ ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ ሌሊቱን ሲንከራተት ያድር ነበር። ሚስቱ ናት በግድ ጠዋት ጠዋት ጓሮ ያወጣችው፤ እርግቦቹንም የገዛችለት ለዚያ ብላ ነው። «ዓይንህ ጠዋት መሆኑን ካላየ ሰውነትህ ማታውን በምን ይወቀው?» አለኝ።

እንደ ሽማግሌ ወሬ ቆጥሬው ነበር። ቢሆንም በማግስቱ ለክሊኒኩ ሐኪም ነገርኩት። እሱም አልሳቀብኝም። ሽማግሌው ልክ ነው አለ፤ ጠዋት ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን ነው ሰውነትን የሚያስተካክለው፣ ዳመና ቢሆን እንኳ የውጭው ብርሃን ከቤት መብራት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፀሐይዋን ትክ ብለህ አትይ፣ ውጭ መቀመጥህ ይበቃል አለኝ። ከሰዓት በኋላ መተኛቴንም ከለከለኝና ወረቀት ጽፎ ወደ ከሰዓት ፈረቃ አዛወረኝ። ስለዚህ አሁን ጠዋቱ የኔ ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቼ ከዚግሙንት ጋር ሳጥኑ ላይ እቀመጣለሁ።

መጀመሪያ ምንም አልመጣም። አሥራ አምስት ቀን ገደማ ሲሆነኝ አንድ ሌሊት ስድስት ሰዓት ያህል ሳልነቃ ተኛሁ። ስነቃ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለኔ ተመለሰልኝ። ለሱ ምን ይመለስለታል? ከቤታችን እስከ ሳጥኑ ሃያ እርምጃ ነው። ይህን ሃያ እርምጃ ከጃንዋሪ በፊት ብራመደው ኖሮ እያልኩ እቆጥረዋለሁ።

ቢሂን ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይልኩታል። መርፌዎቹን ሻንጣው ውስጥ አድርጌያለሁ። ደወሉ ሲደወል እኔ ተኝቼ እንደነበር አያውቅም። ከኔ ሌላ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ኢደር


ኢሚ-ንታላ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1975

ለኢደር፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ከዚህ የበለጠ ምርቃት ዛሬ ከእጄ አይወጣም።

እግሩን አውቄው ነበር። ያቺ ሴት ከምንጩ እንደሄደች ቤቷ ድረስ ተከትያት ሄጄ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ደብዳቤ ስጽፍልህ አውቅ ነበር። ከአንተ አፍ እስኪወጣ ነው የጠበቅሁት። እንቅልፉን ግን አላወቅሁም። እሱን ሳነብ ወረቀቱን መሬት ላይ ጥዬ ወጣሁ፤ ዶሮዎቹ ሲረጋግጡት ተመልሼ አነሳሁት።

ቢሂ ኤፕሪል 10 ቀን ደረሰ። ሁለት ሰዎች ከነክራንቹ ደግፈው ከገበያው አውቶቡስ አወረዱት። አየኝና «ሙሉውን ለማምጣት ኪራዩ ተወደደብኝ» አለ። እኔ ሳቅሁ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ወደ ቤት ገብቶ በሩ ሲዘጋ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ እስኪመሽ አልተነሳም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእልፍኝ አልወጣ አለ። መስኮቱ ላይ የሱፍ ምንጣፍ ሰቀለ። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይቀመጣል፤ የሌለውን እግር ያክካል። ማንኮራፋቱ ጠፍቷል። አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ የናፈቀኝ ያ ድምፅ ነበር፣ ብታምነኝም ባታምነኝም።

በአንተ ላይ ተናድጄ እያለሁ የጻፍከው የሽማግሌው ነገር ከራሴ አልወጣም። አንድ ጠዋት ምንጣፉን ከመስኮቱ ገነጠልኩትና «ተነስ፣ ሰገነት እንወጣለን» አልኩት።

«ሰው ያየኛል።»

«ገና ሰው አልወጣም።»

«ወጥቼ ምን ልሁን? እንደ በለስ ልታሰጪኝ ነው?»

«አዎ። ስትደርቅ ገበያ ወስጄ እሸጥሃለሁ።»

ደረጃውን በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወጣ። እጄን ስዘረጋለት መታኝ። ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ገና ብቅ እያለች ነበር። ክንዱን ዓይኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ ክንዱን አወረደ። በየቀኑ እንወጣለን፤ አንዳንድ ቀን ይሰድበኛል፣ አንዳንድ ቀን ዝም ይላል። እኔ እንቅልፌ ተመልሷል። እሱ ሌሊት ሦስት አራት ሰዓት ያህል ይተኛና ከዚያ ብንን ብሎ ይነሳል። ሲነሳ የሚለውን ልንገርህ፦ «ሽቦውን ማየት ነበረብኝ።»

ሌሊት በመጣ ቁጥር ይህን ይለኛል፤ እኔ ደግሞ አውቃለሁ። ባሌ ባልሠራው ጥፋት ራሱን ሲበላ አጠገቡ ጋደም ብዬ እያወቅሁ ዝም እላለሁ። ይህን ሸክም ያሸከምከኝ አንተ ነህ። እኔ አልነግረውም፤ የኔ አይደለም። ለሱ ጻፍለት። ፊደል ሳልዘል አነብለታለሁ። ያ ደብዳቤ ሳይመጣ ግን ለኔ ምንም እንዳትጽፍ፤ አልከፍተውም።

ኬልቱም


ሰሜን ፈረንሳይ፣ ሜይ 11 ቀን 1975

ለተከበርከው ወንድሜና አማቼ ለቢሂ፣

አላህ ጤናህን ይመልስልህ። ይህን ኬልቱም ታነብልሃለች። እሷ አስቀድማ ታውቃለች፤ እኔ ነኝ የነገርኳት፣ በሷ አትቆጣ።

ሽቦው ደህና ነበር፤ ሳይቀየር ከዚያ በኋላም በየቀኑ ደወሉን ሲያስጮኸው ሰምቻለሁ። ደወሉም ተደውሏል። ሁለት ጊዜ እንደደወልክ አምናለሁ፤ ሥራህን እንደምታውቅ አይቻለሁና። እኔ ነኝ ያልሰማሁት፤ ማንሻውን ይዤ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ብዙ ሌሊት አልተኛሁም ነበርና ሰውነቴ እንደማይችል አውቄዋለሁ። አውቄም አልተናገርኩም፤ ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ሐኪም ቤት ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ። ጥፋቱን በራስህ ስታደርግ እያየሁ ዝም አልኩ። ከእግርህ ቀጥሎ የወሰድኩብህ ይህን ነው።

ከሦስት ቀን በፊት ቢሮ ገብቼ ለኃላፊው እንዲሁ ነገርኩት። በአስተርጓሚ ስለነበር ሁለት ጊዜ ነው የተናገርኩት። ከሞተሩ አነሱኝ። አሁን ከምድር በላይ፣ ድንጋዩን ከከሰል የሚለዩ ሽማግሌዎች አጠገብ አቆሙኝ። ወሬው ወዲያው ሰፈሩን ሞላው። የአገራችን ልጆች ምግብ ቤት ስገባ ቦታ አይሰጡኝም፤ እውነታቸውን ነው። ዚግሙንት ሲሰማ ቀና ብሎ ሳያየኝ እርግቦቹን አበላ። በማግስቱ ግን ሳጥኑ ቦታው ላይ ነበር።

ምንም አልለምንህም። እንድታውቀው ነው።

ኢደር


ኢሚ-ንታላ፣ ጁን 18 ቀን 1975

ለወንድሜ ለኢደር፣

የአላህ ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን፤ ብቻህን በምትቀመጥበትም ማዕድ ይገኝልህ።

ደብዳቤህን ሰገነት ላይ አነበብኩለት፤ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ጉልበቱ ድረስ ስትደርስ። ስጨርስ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ተነሳና ሳይደገፍ፣ እየተንፏቀቀ ብቻውን ወረደ።

ሦስት ቀን አልተናገረኝም። ሰገነትም አልወጣም። ምንጣፉን መልሶ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ሌሊት ሌሊት እልፍኙ ውስጥ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ፤ እንደ ወትሮው ስለ ሽቦው አይናገርም፣ ሌላም አይናገርም። ክፉ ሠራሁ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ያን ደብዳቤ አስጽፌህ ሁለታችሁንም ያጣሁ መሰለኝ።

በአራተኛው ጠዋት የክራንቹ ድምፅ ደረጃው ላይ ቀሰቀሰኝ። ብቻውን ወጥቶ ነው። ተከትዬው ወጥቼ ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። መንገዱ ላይ ሰዎች ያልፋሉ፤ ወደ ላይ አይተው ሰላም አሉት። እሱም እጁን አነሳላቸው። ከመጣ ጀምሮ የመጀመሪያው ነው።

ብዙ ቆይቶ «ሽቦው ደህና ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነበር።»

«እኔም ሁለት ጊዜ ደውያለሁ።»

«ደውለሃል።»

«እንግዲያው ሥራዬን በትክክል ሠርቻለሁ» አለ። እግሩ ሲቆረጥ አልቅሷል እንደሆን አላውቅም፣ አልነገረኝም። ያን ቀን ግን ሰገነት ላይ፣ ሰው እያየው፣ አለቀሰ።

ያን ሌሊት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጋደም አለና እስኪነጋ አልነቃም። እኔ ነኝ በድንጋጤ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ትንፋሹን ያዳመጥኩት። በሁለተኛው ጊዜ ማንኮራፋት ጀመረ። እንቅልፍ ነሳኝ፤ ደስ እያለኝ።

ትናንት «ለወንድሜ ልጽፍለት ነው፣ ምን ልበልልህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ፍየሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምጽፍልህ፦

«ይቅር ብሎሃል ብለሽ እንዳትጽፊ። አላልኩም። ወደፊት እል እንደሆነም አላውቅም። ግን ለዕረፍቱ ይምጣ። ሲመጣ የሚያድረው እዚህ ቤት ነው፤ ሌላ ቤት ቢያድር እቀየመዋለሁ።»

እህትህ ኬልቱም